አወዳደቅን ማሳመር

እ.ኤ.አ. በ1958 በሮም ዳርቻ በሚገኘው የቺኔቺታ ስቱዲዮ፣ ለ«ቤን ሁር» ፊልም ተብሎ በተሠራ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ላይ አራት አራት ፈረሶች የሚጎትቷቸው ሰረገሎች ሲሽቀዳደሙ ይውሉ ነበር። ከቀረጻዎቹ አንዱ ከባድ ዝላይ አለበት፤ የቤን ሁር ሰረገላ ተሰባብሮ መንገዱን በዘጋ ሌላ ሰረገላ ላይ ዘሎ ማለፍ ነበረበት። ልጓሙን የያዘው ዋናው ተዋናይ ቻርልተን ሄስተን አልነበረም። የእሱን ልብስ የለበሰው ስታንትማኑ፣ ማለትም በተዋናዩ ፈንታ አደገኛውን ድርጊት የሚሠራው ባለሙያ፣ ጆ ካኑት ነው። ስታንቱን የሚመራው ደግሞ ወላጅ አባቱ ያኪማ ካኑት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው «ስቴጅኮች» ፊልም ላይ በሚጋልቡ ፈረሶች መካከል ወድቆ፣ ሰረገላው በላዩ ላይ ሲያልፍ መሬት ላይ ተዘርግቶ የተረፈው ሰው።

ፈረሶቹ ፍርስራሹን ዘለሉት። ሰረገላው ግን ከተገመተው በላይ ነጠረና ጆን ከቆመበት ነቅሎ ወደ ፊት ወረወረው። ጆ እግሮቹ ከራሱ በላይ ሆነው በአየር ላይ ተገለበጠ፤ የሰረገላውን የፊት ጠርዝ ግን አልለቀቀም። ከፈረሶቹ ኮቴና ከመንኮራኩሮቹ ያዳነው የእጆቹ ጥንካሬ ነው። አገጩ ተሰንጥቆ በአራት ስፌት ተገላገለ።

ካሜራው ሁሉንም ይዞታል። ችግር የሆነው ድርሰቱ ነበር፤ ቤን ሁር ውድድሩን ማሸነፍ አለበት፣ ተወርውሮ ከወጣ ደግሞ ታሪኩ እዚያው ያበቃል። መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ሾት ሆነ። ሄስተን ራሱ በሰረገላው ፊት ተንጠልጥሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ወደ ላይ ሲወጣ በቅርበት ተቀረጸ። ኤዲተሮቹ ራልፍ ዊንተርስና ጆን ደኒንግ የጆ ካኑትን መገልበጥና የሄስተንን መውጣት አገናኟቸው። አንዱ ሰው ተወርውሮ ሌላው ተመልሶ ሲወጣ ተመልካች የሚያየው አንድ ሰው ነው፤ ቤን ሁርን።

ያ ውድድር በሲኒማ ከታየ በኋላ በቀረጻው ላይ ሰው ሞቷል የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ኖሯል። ማንም አልሞተም። በኮቴና በመንኮራኩር ሥር የሚደቅቁት «ሰዎች» መገጣጠሚያቸው እንዲታጠፍ ተደርገው የተሠሩ፣ የሰው ክብደት እንዲኖራቸው የተሞሉ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ለኤዲተሮቹ ከዚያ ወሬ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ተመልካቹ ጆ ካኑት በእርግጥ ሲገለበጥ ካየ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣውን አሻንጉሊት ለመጠራጠር ጊዜም ፍላጎትም የለውም።

ስታንት የሚያሳምነው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። በትዕይንቱ ውስጥ አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርግጥ ይፈጸማል፤ ሌላው ሁሉ ያንን ተደግፎ ይቆማል። የካሜራውና የኤዲቲንጉ ጥበብ የትኛው ክፍል እውነት መሆን እንዳለበት መምረጥ፣ እሱን በግልጽ ማሳየት፣ የቀረውን ደግሞ ማንም ሳይጎዳ መፈብረክ ነው።

ከሁሉ ቀላል የሚመስለውን ቡጢ እንመልከት። ሁለት ተዋንያን በክንድ ርቀት ፊት ለፊት ቆመዋል። ካሜራው ከተመቺው ትከሻ ጀርባ ሆኖ የመቺውን ፊት ያያል። መቺው እጁን ከጎን አዙሮ ይሰነዝራል፤ ቡጢው ከአገጩ አንድ ስንዝር ርቆ በባዶ አየር ላይ ያልፋል። ሰው ርቀትን የሚለካው በሁለት ዓይኑ ነው። ሌንስ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ስለሆነ ከፊትና ከኋላ ያሉ ነገሮች በአንድ መስመር ላይ ከዋሉ የተነካኩ ሆነው ይታዩታል። ካሜራው ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ግን በቡጢውና በአገጩ መካከል ያለው ክፍተት ወለል ብሎ ይታያል፣ ጠቡም ጨዋታ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የተመቺው ነው። ጭንቅላቱን ማዞር ያለበት ቡጢው ፊቱ ፊት በደረሰባት ቅጽበት፣ ቡጢው በሄደበት አቅጣጫ ነው። ከቀደመ ፈርቶ የሸሸ ይመስላል። ከዘገየ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። አንገቱ፣ ትከሻው፣ ወገቡ፣ በመጨረሻም እግሩ ተከታትለው መናጋት አለባቸው፤ ምቱን ለተመልካች የሚያደርሰው የተመታው ሰው ገላ እንጂ የመቺው ክንድ አይደለም። ጎበዝ ስታንትማን የሚለየውም በዚህ ነው።

ኤዲተሩ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ላይ ይቆርጣል። የሆንግ ኮንግ ፊልም ሠሪዎች ያዳበሩት አንድ ዘዴ አለ። የመጀመሪያው ሾት ቡጢው ሲያርፍ ያበቃል። ሁለተኛው ሾት ግን ካቆመበት አይቀጥልም፤ ሁለት ሦስት ፍሬም ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ቡጢው ገና ሊያርፍ ሲል ይጀምራል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬም ስላለ የተደጋገመው ነገር ከሰከንድ አንድ ስምንተኛ አይበልጥም። ምስል ሲቀየር ዓይን አዲሱን ለመያዝ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያ ድግግሞሽ ጊዜውን ይሰጠዋል። ማንም መደጋገሙን አያስተውልም፣ ሁሉም ግን ምቱ እንደከበደ ይሰማዋል።

ድምፁ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። እውነተኛ ቡጢ የሚያሰማው ድምፅ ደካማና የማያምር ስለሆነ የድምፅ ባለሙያዎች ሌላ ይፈጥራሉ፤ አጥንት ሲሰበር የምንሰማው ብዙ ጊዜ ሴለሪ የሚባለው አትክልት ግንድ ሲቀነጠስ ነው። ድምፅ ስታንትን ያነሣል፣ ይገድላልም። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን ገን» ላይ አንድ መኪና በታይላንድ በተሰበረ ድልድይ ላይ ዘሎ፣ በአየር ላይ ሙሉ በሙሉ ዞሮ፣ በአራቱም ጎማው ማዶ ያርፋል። ፍጥነቱና የድልድዩ ዝንባሌ አስቀድሞ በኮምፒውተር ተሰልቶ ስለነበር በመጀመሪያው ሙከራ ተሳካ። በፊልሙ ላይ ግን መኪናው ሲዞር የልጅ መጫወቻ ፊሽካ የመሰለ ድምፅ ተጨመረበት። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ባሪ ራሱ ኋላ ላይ ተጸጽቶበታል። አንድ ሰው ነፍሱን አስይዞ የሠራው ነገር በአንድ ድምፅ የካርቱን ቀልድ ሆነ። ይህን ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ከፍታን መፍጠር የማዕዘን ጉዳይ ነው። ሃሮልድ ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1923 በወጣው «ሴፍቲ ላስት» ፊልም ከሎስ አንጀለስ መንገዶች በላይ በሕንፃ ሰዓት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። የተንጠለጠለበት ግድግዳ የተሠራው በሌላ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነበር። ካሜራው ከፍ ብሎ የተተከለው ታች ያለው እውነተኛ መንገድ፣ ሰዉና መኪናው እንዲታይ፣ በመካከል ያለው ጣሪያ ግን ከፍሬሙ ውጭ እንዲቀር ተደርጎ ነው። ከሎይድ ሥር ፍራሽ የተነጠፈበት መደብ ነበር። ከሩቅ በሚታዩት ሾቶች ሕንፃውን የሚወጣው ሌላ ሰው፣ በግድግዳ መውጣት የታወቀው ቢል ስትሮዘር ነው። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው? ታች የሚታየው መንገድ እውነት ነው፤ የሎይድ እጅም እውነት ነው። ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1919 ለፎቶ የያዘው የማስመሰያ ቦምብ እጁ ላይ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት አጥቶ ነበር። ሰው ሠራሽ ጣት ባለው ጓንት ሸፍኖ በዚያ እጅ ነው የተንጠለጠለው።

ከአምስት ዓመት በኋላ በስተር ኪተን ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» በተሰኘው ፊልሙ ማዕበል ከተማ ሲያፈርስ ኪተን መሀል መንገድ ላይ ደንግጦ ቆሟል። ከጀርባው ያለው ቤት ሁለት ቶን የሚመዝን የፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል። ከጣሪያው ሥር ያለች አንዲት ክፍት መስኮት ልክ እሱ የቆመበት ላይ ታርፍና ኪተን ሳይነካ ይቀራል። ከትከሻው በግራና በቀኝ የተረፈው ክፍተት ጥቂት ሴንቲሜትር ነበር። ካሜራው ከሩቅ ተተክሎ ቤቱንም ሰውየውንም አንድ ላይ ይዟል፣ አይንቀሳቀስም፣ አይቆረጥም። ግድግዳው ሲወድቅ በአንድ ሾት፣ ኪተን በመስኮቱ መሀል ቆሞ ደግሞ በሌላ ሾት ቢታይ ኖሮ ዛሬ ማንም አያነሣውም ነበር። እንዲህ ከሩቅ ሁሉን የሚይዘው ዋይድ ሾት ማስረጃ ነው። ባለሙያው የሠራውን ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ላይ ያሳያል።

ይሁንና እያንዳንዱ ትዕይንት እንደ ኪተን ይሠራ ማለት እብደት ነው። የመኪና ማሳደድን ያህል በተቆራረጠ ነገር የሚገነባ ትዕይንት የለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተቀረጸው የ«ቡሊት» ማሳደድ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ለኤዲተሩ ለፍራንክ ኬለርም ኦስካር አስገኝቶለታል። ዋናው ተዋናይ ስቲቭ መክዊን መኪና መንዳት ይችል ነበርና ከፊሉን ራሱ ነዳ። አደገኛውን ክፍል የነዳለት ግን ስታንትማኑ በድ ኢኪንስ ነው። ሁለቱን የምትለየው የመኪናው የውስጥ መስታወት ናት፤ የመክዊን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ከታየ እሱ ነው የሚነዳው፣ መስታወቱ ዞሮ ምንም ካላሳየ ሌላ ሰው ነው። የመስታወቱ ጥቅም ትልቅ ነው። ተመልካቹ አንድ ጊዜ ፊቱን፣ መሪውንና ከፊት የሚሮጠውን መንገድ በአንድ ሾት ውስጥ ካየ በኋላ ፊቱ በማይታይባቸው ሾቶችም ላይ መክዊንን ያያል።

የዚያ ማሳደድ ስሕተቶችም ብዙ ያስተምራሉ። ሁለቱ መኪኖች አንዲት አረንጓዴ ቮልስዋገን ደጋግመው ያልፋሉ፤ ምክንያቱ አንዱ ቁልቁለት በብዙ ካሜራ ተቀርጾ፣ ከየአቅጣጫው የተገኘው ምስል እንደ አዲስ መንገድ እየገባ በመሆኑ ነው። የሚሳደደው ጥቁር ዶጅ አራት ጎማ እያለው ከአራት በላይ የጎማ ክዳን ይወድቅበታል። የሚሄዱባቸው ሰፈሮችም በካርታ ላይ አይገናኙም። ሆኖም ሲኒማ የተቀመጠ ሰው ይህን አይቆጥርም። መኪኖቹ በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ እየተነዱ መሆናቸው፣ ቁልቁለቱ ላይ ከመሬት ሲነሡና ተመልሰው ሲያርፉ ብረቱ ሲንቀጠቀጥ መታየቱ በቂው ነው። ሙዚቃውም ማሳደዱ ሲጦፍ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ሞተርና ጎማ ብቻ ነው የሚሰማው። ለኔ የዚያ ፊልም ትልቁ ድፍረት ያ ዝምታ ነው።

መኪና ያለ ፍጥነትም ይፈጥናል። ትዕይንቱ በሰከንድ 20 ፍሬም ተቀርጾ በ24 ከታየ አሥር ሰከንድ የፈጀው ድርጊት በስምንት ሰከንድ ከጥቂት ያልቃል። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲያይ ደግሞ በመካከል ያለው ርቀት ይጨመቃል፤ ከሰው ሃያ ሜትር ርቆ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሊደፈጥጠው የደረሰ ይመስላል። እነዚህ የማንንም ሕይወት አደጋ ላይ የማይጥሉ ዘዴዎች ናቸው፣ ርካሽም ናቸው፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ፊልም ሠሪ ሁሉ ሊማራቸው ይገባል።

በሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ጃኪ ቻንን ያየ ሰው፣ ቻይንኛውን ባይሰማም፣ አወዳደቁን አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው «ፖሊስ ስቶሪ» ፊልም ጃኪ በሆንግ ኮንግ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከላይኛው ፎቅ አጥር ላይ ዘሎ፣ መብራት የተጠመጠመበትን ረጅም ዘንግ አቅፎ፣ አምፖሎቹ እየፈነዱ እስከ ምድር ቤት ይንሸራተታል። መዳፉ ተቃጥሏል፣ ጀርባውም ተጎድቷል። በፊልሙ ላይ ያንኑ መውረድ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ እናየዋለን። ታሪኩን ለመተረክ አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። ሦስት ጊዜ የታየው ፊቱ፣ ዘንጉና ወለሉ በአንድ ፍሬም ውስጥ መኖራቸውን ተመልካቹ እንዲያረጋግጥ ነው።

ከዚህ ጋር የኋለኛውን ዘመን ልማድ ሳስተያይ ብዙ ነገር እንደጠፋ ይሰማኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ቴከን 3» ፊልም ላይ ሊያም ኒሰን አንድ አጥር ዘሎ የሚያልፍበት ትዕይንት ስድስት ሰከንድ ያህል ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ከአሥር በላይ ሾት ተቆራርጦ ገብቷል። እጅ፣ እግር፣ አጥር፣ ጀርባ፣ እንደገና እጅ። ሰውየው መዝለሉን እናውቃለን እንጂ ሲዘል አናይም። በእንደዚህ ዓይነት ኤዲቲንግ የሚጎዳው ስታንትማኑ ነው። ወራት ተለማምዶ በአንድ ትንፋሽ የሠራው ነገር ተከትፎ ይቀርባል፣ ችሎታውም ከቁርጥራጩ ጋር ይጠፋል።

ችግሩ የካቱ፣ ማለትም የሾት መቀያየሩ፣ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ግን «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይህ ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ 2,700 ያህል ካት አለው፤ አንዱ ሾት በአማካይ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። አብዛኛው የተቀረጸው በናሚቢያ በረሃ ሲሆን፣ ኤዲተሯ ደቡብ አፍሪካ የተወለደችው ማርጋሬት ሲክሰል 480 ሰዓት የሚሆን ቀረጻ ነበር የቀረበላት። ይህ ሁሉ ካት ለምን ዓይንን አላሳከረም? ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ለካሜራ ባለሙያው ለጆን ሲል አንድ ጥብቅ መመሪያ ሰጥቶት ነበር፤ በእያንዳንዱ ሾት ዋናው ነገር በፍሬሙ መሀል ይሁን። ሾቱ ሲቀየር የተመልካቹ ዓይን ቦታውን አይለቅም። ፊቱ የነበረበት ቦታ ላይ ጠመንጃው ይመጣል፣ ጠመንጃው የነበረበት ላይ ጎማው። ፍለጋ የለም።

በዚያ ፊልም ላይ በሚሮጡ መኪኖች ላይ በተተከሉ ረጃጅም ዘንጎች ጫፍ ላይ ሰዎች ተንጠልጥለው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ፣ ከአንዱ መኪና ላይ ሰው ነጥቀው ሲያነሡ ይታያል። ሚለር መኪኖቹ ቆመው ቢቀረጽ ይሻላል ብሎ አስቦ ነበር። የስታንት አስተባባሪው ጋይ ኖሪስ ግን ከዘንጎቹ ሥር እንደ ሚዛን ክብደት አስሮ፣ ቡድኑን አሠልጥኖ፣ መኪኖቹ በረሃው ላይ እየሄዱ ሊሠራ እንደሚችል ቀርጾ አሳየው። የምናየው ያ ነው። ሲክሰል ስትቆርጥ የምትደገፍበት እውነት ነበራት።

የቶም ክሩዝ «ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት» እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ታሪኩ ከፓሪስ በላይ በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ከአውሮፕላን መዝለልን ይጠይቃል። የተቀረጸው አቡ ዳቢ ላይ ነው፤ ከ25,000 ጫማ ከፍታ፣ ከትልቅ የወታደር ማመላለሻ አውሮፕላን። መጀመሪያ የሚዘለው ክሩዝ አልነበረም። የካሜራ ባለሙያው ክሬግ ኦብራየን ካሜራውን በራስ ቁሩ ላይ አስሮ፣ ፊቱን ወደ ክሩዝ አድርጎ፣ የኋሊት ወደ ባዶው ሰማይ ይወጣል። ክሩዝ እየሮጠ ይከተለዋል። በአየር ላይ የክሩዝ ፊት ከሌንሱ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ከቀረበም ከራቀም ምስሉ ይደበዝዛል። በዚያ ፍጥነት በሚወድቁ ሁለት ሰዎች መካከል ያንን ርቀት የሚጠብቅላቸው ገላቸው ብቻ ነው።

ፊቱ እንዲታይ ተብሎ ውስጡ መብራት ያለው ልዩ የራስ ቁር ተሠራለት። ብርሃኑ የጀንበር መጥለቂያ መሆን ስለነበረበት በቀን የሚያገኙት ጥቂት ደቂቃ ነው። ካልተሳካ ለነገ። ልምምዱን ጨምሮ ክሩዝ ከ100 ጊዜ በላይ ዘሏል። በፊልሙ አንድ ያልተቆረጠ ሾት የሚመስለው በእርግጥ ሦስት ክፍል ነው፤ መጋጠሚያዎቹ ተሸፍነዋል። ደመናው፣ መብረቁና ታች የሚታየው ፓሪስ በኮምፒውተር የተጨመሩ ናቸው። ከተማው ሐሰት፣ ማዕበሉ ሐሰት፣ ሰውየው ግን በእርግጥ ይወድቃል። ፊቱን ሳናጣ ከበሩ ስለተከተልነው ሌላውን ሁሉ ተቀብለን እንገባለን።

ለእውነት ሲባል ግን የሰው ሕይወት የሚከፈልበት ምክንያት የለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1982 በካሊፎርኒያ «ትዋይላይት ዞን፦ ዘ ሙቪ» ሲቀረጽ፣ ፈንጂ በሚፈነዳበት ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ ይበር የነበረ ሄሊኮፕተር ተከስክሶ ተዋናዩ ቪክ ሞሮውና ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ረጅም ሌንስ ሄሊኮፕተሩን ዝቅ ያደርገው ነበር፤ ኤዲተር ፍንዳታውን ከሌላ ሾት አምጥቶ ያገናኘው ነበር። ሲኒማ ይህን ማድረግ ከቻለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የትኛውም ተመልካች ልዩነቱን አያውቅም ነበር። ሕፃናቱ ግን ይኖሩ ነበር።

ስታንት ሠሪዎች ለዚህ ሁሉ የሚገባቸውን ስም ያገኙት ዘግይቶ ነው። ያኪማ ካኑት እ.ኤ.አ. በ1967 የክብር ኦስካር ተሸለመ፤ እንዲህ ያለው ሽልማት ግን አልፎ አልፎ የሚሰጥ እንጂ የዓመት በዓመት ዘርፍ አልነበረም። «ፊውሪ ሮድ» ስድስት ኦስካር ሲያገኝ ማርጋሬት ሲክሰል በኤዲቲንግ ዘርፍ ተሸለመች፣ ይገባታልም። ዘንጎቹን በበረሃ ላይ ያወዛወዘው ጋይ ኖሪስ ግን የሚወዳደርበት ዘርፍ እንኳ አልነበረውም። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የስታንት ንድፍ የሚል ዘርፍ መፍጠሩን አስታውቋል። በ2027 ለሚወጡ ፊልሞች በ2028 በሚካሄደው መቶኛው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰጣል። ድምፅ ሰጪዎቹ ከስታንት ሠሪው የመጣውንና ከኤዲተሩ የመጣውን መለየት ይቸግራቸው ይሆናል። መፍትሔው ስታንቱ ካሜራ ሥር ሲሠራ የተቀረጸውን ሙሉውን ምስል፣ ሳይቆረጥ፣ ከፊልሙ ጋር ጎን ለጎን ማየት ነው። ይህን እንዲጠይቁ እመኛለሁ።